ሞተሩ «ቋ!» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ዛሬ በተለይ የምፈልገው ባለሞተሮችን ነው። ሞተር የሌላችሁም ብትሆኑ ግን ገጹን እንዳትገልጡት። በሰው ሞተር ኋላ ተፈናጣችሁ የምትሄዱ ስንት ናችሁ!

የዘንድሮ ልጅ ሞተሩ ሲንኳኳ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ወትፎ ዘፈኑን ከፍ ያደርጋል። አለቀ! ድምፁ ጠፋ፣ ሞተሩ «ዳነ»! አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሰው ነበር። ለሞተርም ይሠራል። ልዩነቱ ሞተር በሽታውን አለመደበቁ ነው። የሚደብቀው ነጂው ነው።

ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ አንድ ወጣት የጻፈልኝ ነገር ነው። ስሙንም ከተማውንም እንዳልጠቅስበት ለምኖኛል። ዕቃ በሞተር እያደረሰ የሚተዳደር ልጅ ነው። ሞተሩ የራሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያደርጋል። እንዲህ ይላል፦

«የፊት ፍሬን ስይዝ አንዴ ‹ቋ!› ይላል። ፍሬኑን ስለቀው ደግሞ ሌላ ‹ቋ!›። ቀስ ብዬ ስሄድ መሪው መሐል ላይ ያዝ የሚያደርገኝ ይመስለኛል። ለባለቤቱ ብነግረው ‹እየሄደልህ አይደል እንዴ? ንዳው!› አለኝ። አንዱ ጋራዥ ‹ሁለቱም የፊት ሾክ ይቀየር› ብሎ የሁለት ወር ገቢዬን ጠራብኝ። ሌላው ‹ጆሮህ ነው፣ ምንም የለውም› አለኝ። ማታ ማታ እህቴን ከትምህርት ቤት የማመጣት በዚሁ ሞተር ነው። ማንን ልመን?»

ወንድሜ፣ መልሱን ታገኛለህ። ግን እንዲያው በደፈናው «ይህን ቀይር» ብልህ እኔም ከሁለቱ ጋራዦች አልሻልም። ስለዚህ ሁላችንም አብረን እንመርምረው።

የፊት ሾክ ሆዱ ውስጥ ምን አለ?

እኛ «የፊት ሾክ» የምንለውን ፈረንጆቹ «ሹካ» ነው የሚሉት፤ ሁለት ጣት ስላለው። በዘይት የሚሠራው የዛሬው ዓይነት ሹካ ለገበያ በቀረበ ሞተር ላይ ቀድሞ የታየው እ.ኤ.አ. በ1935 በቢኤምደብሊው አር12 ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው።

በእያንዳንዱ ጣት ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ቱቦ አለ። ይህ ቱቦ ከታች ባለው ወፈር ያለ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ውስጡ ረጅም ሞላ አለ። ዘይትም አለ። ሞላው ክብደት ይሸከማል፤ ዘይቱ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ እየተጨመቀ ሲያልፍ የሞላውን ዝላይ ያረግባል። ዘይት ባይኖር ሞተራችሁ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር እንደ አልጋ ስፕሪንግ ይነጥር ነበር። ሁለቱ ቱቦዎች ብረት ለብረት እንዳይፋተጉ በመካከላቸው ቦኮላ አለ። ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ደግሞ አፉ ላይ ያለው ጎማ ነው፤ ዕቃ መሸጫ ስትሄዱ «ኦይል ሲል» ብትሉ ይሰጧችኋል። ከእሱ በላይ አቧራ የሚከለክል ሌላ ጎማ አለ።

ይህ ሁሉ ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኘው ከመሪው ሥር ባለው አንገት ነው። አንገቱ ውስጥ ከላይና ከታች ኩሽኔታ አለ። መሪውን ግራና ቀኝ የምታዞሩት በእሱ ነው። ይህን አንገት ልብ አድርጉልኝ፤ ብዙ ጊዜ የሾክ ተብሎ ገንዘብ የሚበላበት በሽታ የእሱ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን አስወግዱ

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት የቁልፍ ማንጠልጠያችሁን ተመልከቱ። አትሳቁ! የቤት ቁልፍ፣ የቢሮ ቁልፍ፣ የጠርሙስ መክፈቻ፣ የቅዱሳን ሥዕል… ሁሉም በአንድ ቀለበት ታስሮ ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ እያንዳንዱ ከብረቱ ጋር ይጨቃጨቃል። አንድ ቁልፍ ብቻ ይዛችሁ ንዱና ድምፁ ጠፍቶ እንደሆነ እዩ።

ቀጥሎ ሞተሩን አቁሙና ከፊት ያለውን ሁሉ በእጃችሁ ነቅንቁ፦ ፓራፋንጎውን፣ የመብራቱን ማቀፊያ፣ ታርጋውን፣ መስታወቱን፣ የኪሎ ሜትር ገመዱን። የላላ ቡሎን ካለ ጥበቁ። የጎማውን ፐርኖ ዳዶም እዩ፤ በተለይ ጎማ ካስለጠፋችሁ በኋላ የመጣ ድምፅ ከሆነ። ጎማ የሚለጥፈው ልጅ ቸኩሎ ሳያጠብቀው ለቋችሁ ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ ለድምፅ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ጎማ የሚያወልቅ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ድምፁ ካለ፣ እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባን።

ድምፁ መቼ ነው የሚመጣው?

«ሞተሬ ይጮሃል» ማለት ለሐኪም «አሞኛል» እንደማለት ነው። ሐኪሙ የቱ ጋ፣ መቼ፣ እንዴት ብሎ ይጠይቃል። እኛም እንጠይቅ።

ፍሬን ሲያዝና ሲለቀቅ «ቋ» የሚል ከሆነ፦ የፊት ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ በሙሉ ወደፊት ይመጣል። ሹካው ወደ ኋላ ይገፋል። የላላ ነገር ካለ ያን ጊዜ ይመታል። ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ የአንገቱ ኩሽኔታ፣ የሾኩ ቦኮላ፣ እና የፍሬን ሸራው ማቀፊያ።

ሦስቱን እንዴት እንለያቸው? ሞተሩን ከማቆሚያው አውርዱና ቁሙ። የፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት። ጓደኛችሁ ጣቱን አንገቱ ላይ፣ ሹካው ከሞተሩ አካል ጋር በሚገናኝበት ክፍተት ላይ ያድርግ። እዚያ ጋ ክፍተቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ጣቱ ከተሰማው ጥፋተኛው ኩሽኔታው ነው። ቀጥሎ ጣቱን የሚያብረቀርቀው ቱቦ ወፍራሙ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ያድርግ። እዚያ ከተሰማው ቦኮላው ተበልቷል። ፍሬኑ ጋ ብቻ ትንሽ «ቀጭ» የሚል ከሆነ ሸራው በማቀፊያው ውስጥ መንቀሳቀሱ ነው። ትንሽ ብቻ ከሆነ የተለመደ ነው፤ ከበዛ ግን ይታይ።

ለማረጋገጥ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱ። ትልቁ ማቆሚያ ካለው በእሱ አቁሙና አንድ ሰው ኋላውን ይጫን፤ ከሌለው ከሞተሩ ሥር ጠንካራ ነገር ይደገፍ። የሹካውን ሁለት እግሮች ከታች ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ መልሱ። «ቋ፣ ቋ» ካለ አንገቱ ላልቷል። አሁን ደግሞ መሪውን በቀስታ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩ። መሐል ላይ ጉድጓድ የገባ ይመስል ያዝ ካደረገ፣ ኩሽኔታው የሚሽከረከርበት ብረት ተጎድጉዷል ማለት ነው። ይህን ማጥበቅ አያድነውም፤ መቀየር ብቻ ነው።

ጉድጓድ ሲገባ «ዷ» ብሎ ከታች የሚመታ ከሆነ፦ ሾኩ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ብረት ብረትን እየመታ ነው። ወይ ዘይቱ ጎድሏል፣ ወይ ሞላው ደክሟል፣ ወይ ደግሞ ጭነቱ ከልክ በላይ ነው። ሦስት ሰው ጭኖ «ሾኩ መታ» ማለት እንኳ ያሳፍራል።

ጉብታ ወጥቶ ሲወርድ፣ ፊቱ ሲነሳ «ቀው» የሚል ከሆነ፦ ሾኩ ተዘርግቶ ላይኛው ጫፍ ላይ እየመታ ነው። እዚህም ቀዳሚው ተጠርጣሪ የዘይት ማነስ ነው። የመመለሻውን ፍጥነት የሚይዝ ዘይት ከሌለ ሞላው እንደ ተፈታ ውሻ ይዘላል።

ፈተናው ቀላል ነው። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ መሪውን በሙሉ ክብደታችሁ ወደ ታች ተጫኑትና ልቀቁት። ጤነኛ ሾክ አንዴ ከፍ ብሎ ቦታው ላይ ይረጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጨፈረ ዘይቱ አልቋል ወይም ውሃ ሆኗል።

«ሽርርር» ወይም «ፍስስ» የሚል ከሆነ፦ አትደንግጡ። ዘይቱ በቀዳዳው ሲያልፍ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ከመምታት ወይም ከመጨፈር ጋር ካልመጣ በሽታ አይደለም።

«ጭጭ፣ ጭጭ» እያለ እንደ አሮጌ በር የሚጮህ ከሆነ፦ የአቧራ መከላከያው ጎማ ደርቋል ወይም አፈር ገብቶበታል። አንዳንዴ ደግሞ ጎማው ወልቆ ሲገጠም ሁለቱ እግሮች ተጣመው ታስረዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ነፃ ነው። የፐርኖውን ማጥበቂያዎች ላላ አድርጎ፣ ሞተሩን መሬት ላይ አቁሞ፣ ሾኩን አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች መጫን፤ እግሮቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ መልሶ ማጥበቅ። ሳታጠብቁ እንዳትነዱ ታዲያ!

ጎማው ሲሽከረከር የማያቋርጥ «ግርርር» ካለ፦ ሾኩን ተዉት። የጎማው ኩሽኔታ ነው። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ከላይና ከታች ይዛችሁም ነቅንቁት። ከተንገጫገጨ ጊዜ ሳትሰጡ አስቀይሩት።

ከድምፁ በላይ የሚያስፈራው ዝምተኛው

አንድ በሽታ አለ፣ ድምፅ የለውም። የሚያብረቀርቀውን ቱቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ሾኩን ደጋግማችሁ ተጫኑትና ተመልከቱ። የዘይት ቀለበት ከታየ እያፈሰሰ ነው። ዘይቱ በእግሩ ላይ ወርዶ፣ ወርዶ የት ይደርሳል? ዲስክ ፍሬን ባለው ሞተር ላይ ዲስኩና ሸራው ላይ! ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ አይዝም። በሞተር ላይ ደንበኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን መሆኑን አትርሱ። ሸራው ዘይት ከነካው ጠርጌ እነዳለሁ አትበሉ፤ ዲስኩ በደንብ ይጸዳል፣ ሸራው ግን ይጣላል።

ሁሌ ግን ጎማው ተቀደደ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ቅንጣት አሸዋ ከንፈሩ ሥር ገብታ ነው ዘይቱን የምታስወጣው። የአቧራ መከላከያውን ዝቅ አድርጎ፣ ድሮ ፎቶ ካሜራ ውስጥ የሚገባውን የፊልም ቁራጭ ወይም እንደሱ ስስና ለስላሳ ላስቲክ አስገብቶ ዙሪያውን ማጽዳት ብዙዎችን ከወጪ አድኗል። በካቻቪቴ ግን በፍጹም! ጎማውን ትቀዱታላችሁ። ቱቦውንም በጥፍራችሁ ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለበት አዲስ ጎማ ብታስገቡም በጥቂት ጊዜ ይበላዋል። መጀመሪያ ቱቦው መፍትሔ ያግኝ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ የአንተ ጉዳይ

ፍሬን ሲያዝ አንዴ፣ ሲለቀቅ አንዴ «ቋ»። መሪው መሐል ላይ ያዝ ያደርጋል። ጉድጓድ ላይ ስለመምታት አልጻፍክም፤ ስለ ዘይት ፍሳሽም አላነሳህም። ይህ ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ወደ አንገቱ ኩሽኔታ ነው። ከላይ የነገርኩህን የጣት ፈተና ነገ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር አድርገው። ክፍተቱ አንገቱ ላይ ከተሰማህ ሁለት ሾክ መግዛት አያስፈልግህም። ከላላ ብቻ ማጥበቅ፣ ከተጎደጎደ ኩሽኔታውን ከነመቀመጫው ከላይም ከታችም ባንድ ላይ መቀየር ነው። ወጪው ከሁለት ሾክ ጋር አይወዳደርም። ክፍተቱ የተሰማህ ሾኩ ላይ ከሆነ ደግሞ ያኔ ስለ ቦኮላ እናወራለን፤ እሱም ቢሆን ሙሉ ሾክ ግዛ አያሰኝም።

«ጆሮህ ነው» ያለህን ግን አትስማው። የላላ አንገት ፍጥነት ሲጨመር መሪውን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። የተጎደጎደው ደግሞ ሞተሩ የምትፈልገውን መስመር እንዳይዝ ያደርገዋል። ስለዚህ እህትህን እስኪሠራ ድረስ በዚህ ሞተር አታምጣት። ታክሲ ትያዝ፣ ወይም በእግራችሁ አብራችሁ ተመለሱ። ጥቂት ቀን ነው።

የባለቤቱ ነገርስ? «እየሄደልህ አይደል?» የሚል ሰው ስለ ድምፅ ብትነግረው አይሰማም። ስለ ገንዘቡ ንገረው። «ጋሼ፣ አሁን ኩሽኔታ ብቻ ነው። ከወደቅኩ መሪው፣ መብራቱ፣ ሾኩም አብሮ ይሄዳል፤ ሞተሩም ቆሞ የቀን ገቢዎ ይቀራል» በለው። ጣቱን ራሱ አንገቱ ላይ አስደርገህ አስነካው። በእጁ የነካውን ሰው መካድ ይከብደዋል። ያም ሆኖ እምቢ ካለ፣ ያን ሞተር መልስለት። ሥራ መፍታት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቤት ኪራዩም፣ የእህትህም ወጪ አንተን እንደሚጠብቅ ይገባኛል። ግን ሞተሩ የሰው ነው፤ አጥንቱ ያንተ ነው። ሌላ ባለሞተር ይገኛል።

ጋራዥ ስትሄዱ

«ከጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ድምፁ እንብላው ነው» ይባላል። ሁሉም መካኒክ እንዲህ ነው አልልም፤ ከአንድ ጆሮ ማስጠጋት በሽታውን የሚያውቁ እጀ ወርቆች አሉን። ግን ከሁሉም ጋር የሚያዋጣችሁ ዝግጁ ሆኖ መሄድ ነው።

«ይጮሃል» አትበሉ፤ «ፍሬን ስይዝ ይመታል፣ አንገቱ ላይ ክፍተት ይሰማኛል» በሉ። ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይለወጣል። ዘይት ሲቀየር ሁለቱም እግር እኩል ልክ እንዲገባ፣ በግምት ሳይሆን በመለኪያ እንዲሆን ጠይቁ። ልኩንና የዘይቱን ዓይነት የሞተሩ መጽሐፍ ይነግራችኋል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት «ያው ዘይት ነው» ብሎ የሚሞላላችሁ ካለ ተነሱና ሂዱ። ኦይል ሲልም ሲቀየር የሁለቱም ባንድ ጊዜ ይቀየር፤ አንዱ ካረጀ ሌላውም እኩያው ነው። በመጨረሻም «የወጣውን ዕቃ ስጠኝ» በሉ። የተበላውን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አንገት ተጠብቆ ሲያልቅም ሳትፈትሹ አትውጡ። ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪው በጣት ነካ ሲደረግ በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ አለበት። ከልክ በላይ ከጠበቀ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ሞተሩ እንደ ሰካራም ይወላገዳል፤ ኩሽኔታውም ቶሎ ይሞታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ! የሾኩን የላይኛውን ክዳን ቤት ውስጥ በራሳችሁ ለመፍታት አትሞክሩ። ሥሩ የታመቀ ሞላ አለ። ክዳኑ ተፈናጥሮ ፊት ሊመታ ይችላል፤ ያልተደገፈ ሞተርም ወዲያው ፊቱ ይሰምጣል። መፈተሽ የእናንተ፣ መፍታት የመካኒኩ።

ዕድሜውን ማራዘም ቀላል ነው

ላቫጆ ስትወስዱ በግፊት የሚወጣውን ውሃ አንገቱና የሾኩ አፍ ላይ አያስደግኑበት። ግሪሱን አጥቦ፣ ውሃውን አስገብቶ ይተውላችኋል። ጭቃ ቱቦው ላይ ደርቆ እንዳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ጉብታ ላይ ስትደርሱ ፍሬኑን አስቀድማችሁ ይዛችሁ፣ ጉብታው ላይ ስትወጡ ልቀቁት፤ በተያዘ ፍሬን ጉብታ መምታት ሾኩን አጥፎ እንደመደብደብ ነው። የሾክ ዘይት ደግሞ ያረጃል። ፍሳሽ ባይኖርም በሁለት ዓመት አንዴ ቢቀየር አትከስሩም፤ እንደኛ አቧራና ኮብልስቶን ላይ የሚውል ከሆነ ከዚያም ቢፈጥን ይሻላል።

ይህን ሁሉ ፈተና ለማድረግ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ዕቃው አንድ ጨርቅ፣ አንድ ጓደኛና ሁለት ጆሮ ነው። የፊታችን እሑድ ከቡና በኋላ አድርጉት። ማዳመጫውን ግን አውልቁ! «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው ነገሩ።

ሌላ የሚያስጨንቃችሁ ነገር ካለ ጻፉልኝ፤ ስማችሁን እደብቃለሁ፣ ችግራችሁን ግን አልደብቅም። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ቸር ሰንብቱ!